«ፈጣን ባቡር» ሲባል ምን ማለት ነው? ከታንጀር–ካዛብላንካ እስከ አዲስ አበባ–ጅቡቲ

ተገልጋዮች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር «ፈጣን» እየተባለ ሲነገርለት ቆይቶ ወደ ድሬዳዋ የሚደረገው ጉዞ ለምን ረጅም ሰዓት ይወስዳል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ከቃሉ ይጀምራል። በዓለም አቀፉ የምድር ባቡር ኅብረት መመዘኛ «ከፍተኛ ፍጥነት» የሚባለው አዲስ የተሠራ መስመር በሰዓት 250 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ የተሻሻለ ነባር መስመር ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያስኬድ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው መስመራችን የመንገደኛ ባቡር በሰዓት 120፣ የጭነት ባቡር 80 ኪሎ ሜትር እንዲጓዙበት የተነደፈ ነው። ዘመናዊ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ «ፈጣን ባቡር» ከሚባለው ረድፍ ውስጥ ግን አይገባም። ይህንን በግልጽ መናገር የሚያስፈልገው፣ ያልተገነባን ነገር መጠበቅ የተገነባውን በአግባቡ ለመጠየቅ ስለሚያግድ ነው።

በአህጉራችን በትክክል በዚህ ስም የሚጠራው የመጀመሪያው መስመር «አል ቡራቅ» የተሰኘው የሞሮኮ ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ታንጀርን፣ ራባትንና ካዛብላንካን ያገናኛል። የመስመሩ ርዝመት 323 ኪሎ ሜትር ሲሆን በአዲስ የተገነባውና ባቡሩ በሰዓት እስከ 320 ኪሎ ሜትር የሚሮጥበት ክፍል ግን ከታንጀር እስከ ቀኒጥራ ያለው 186 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከቀኒጥራ እስከ ካዛብላንካ የሚጓዘው ፍጥነቱን ቀንሶ በተሻሻለው ነባር ሐዲድ ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወርዷል። ቁጥብነቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ከተማ በበዛበት፣ ፍጥነት ብዙ በማይጠቅምበትና መሬት ውድ በሆነበት ቦታ በጊዜው አዲስ የፈጣን ባቡር መስመር አልዘረጉም።

ወጪው እንዲያም ሆኖ ቀላል አልነበረም። ፕሮጀክቱ ወደ 23 ቢሊዮን የሞሮኮ ድርሃም ፈጅቷል፤ ከገንዘቡም ከፍተኛው ድርሻ ከፈረንሳይና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የልማት ፈንዶች በብድር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ያበቃል የተባለው ግንባታ በሦስት ዓመት ዘግይቷል። በአገሪቱ ውስጥም «ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ይቅደም» የሚል ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ሥራ ከጀመረ በኋላ በ2019 ብቻ 3 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ ማጓጓዙ ተቃውሞውን በከፊል አብርዶታል። ነገር ግን ያ መንገደኛ ከየትም የመጣ አይደለም። በሁለቱ ከተሞች መካከል አስቀድሞም ባቡር የለመደ ብዙ ሕዝብ ነበር፤ ጣቢያዎቹም በከተሞቹ እምብርት ይገኛሉ። ከዚህም በላይ የመንገደኛው ባቡር ወደ አዲሱ ሐዲድ ሲዛወር፣ አሮጌው ወደ ታንጀር ሜድ ወደብ ለሚሄደው ጭነት ሰፋ። ለእኛ አገር ውይይት ትልቁ ቁም ነገር ይህ የመጨረሻው ይመስለናል።

የእኛ መስመር ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። 752 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐዲድ ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሲሆን ከአዳማ ወዲያ አብዛኛው ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሲመጡ አንዱ በጣቢያ ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ አለበት። ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ በመሆኑ፣ አንድ ተጨማሪ የመንገደኛ ባቡር በተሰማራ ቁጥር ማዳበሪያ ወይም ስንዴ የጫነ ፉርጎ አንድ ቦታ ይጠብቃል። ስለዚህ «የመንገደኛው ባቡር በየቀኑ ብዙ ጊዜ ለምን አይመላለስም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከባቡር ቁጥር ይልቅ ከሐዲዱ ነጠላነት ጋር ይያያዛል።

የመሬቱ አቀማመጥም የራሱን ዋጋ ይጠይቃል። መስመሩ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ደጋ ይወጣል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር የሐዲዱ መታጠፊያ እጅግ የተለጠጠ፣ ግማሽ ዲያሜትሩ በሺህ በሚቆጠር ሜትር የሚለካ እንዲሆን ይፈልጋል። ይህም በተራራማ ቦታ ላይ ተራራውን ዞሮ ማለፍን ትቶ መብሳትን፣ ሸለቆውንም በረጃጅም ድልድይ መሻገርን ያስከትላል። የአየር ግፊቱም የሚያድገው ከፍጥነቱ እጥፍ በላይ ነው፤ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ባቡሩን የሚገታው አየር በ120 ከሚገታው ከስድስት ጊዜ በላይ ይበረታል። የኃይል ፍጆታውም አብሮ ያሻቅባል። የመሬት አቀማመጥ መስመርን መወሰኑ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቀድሞው ምድር ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ቢከብደው ከግርጌው ቆመ፤ ድሬዳዋም በ1895 ዓ.ም. በዚሁ ሰበብ ተቆረቆረች።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አሁን ያለው መስመር እንኳ በአመዛኙ በቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ ብድር የተገነባ ሲሆን፣ ብድሩ በ10 ዓመት መከፈሉ ስለከበደ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የመክፈያ ጊዜው ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ተደርሷል። በዚህ ላይ የፈጣን ባቡር ዕዳ መጨመር የሚደገፍ አይደለም።

ታዲያ ሰዓቱ የሚባክነው የት ነው? ስሌቱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በባቡር 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያለ ማቋረጥ ቢኬድ ከአራት ሰዓት በታች ይወስዳል። በተግባር የሚታየው ጉዞ ግን ከዚህ በእጅጉ ይረዝማል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የባቡሩ አቅም ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚያጋጥመው ነው። መስመሩ በአብዛኛው አጥር የለውም፤ የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ግመልና ከብት ለግጦሽና ለውኃ ሐዲዱን ያቋርጣሉ። ነጂው ፍጥነት ለመቀነስ ይገደዳል፤ ካልሆነም እንስሳት ይገጫሉ፣ የካሣ ክርክር ይነሣል። የኤሌክትሪክ ገመድና የሐዲድ ብሎን ስርቆትም አገልግሎቱን የሚያቋርጥበት ጊዜ አለ። በተጨማሪም ጣቢያዎቹ ከከተማ የራቁ ናቸው። በመሐል ከተማ ከነበረው ከለገሃር በተለየ የፉሪ–ለቡ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዳርቻ ይገኛል፤ አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ያለ ነው። መንገደኛው በባቡሩ ያተረፈውን ሰዓት በታክሲ ይከፍለዋል። ከዚህ አንጻር አጥር፣ የእንስሳት መሻገሪያ፣ ከጣቢያ ወደ ከተማ የሚያመላልስ አውቶቡስና የሐዲዱ መጠንጠን፣ አዲስ ፈጣን መስመር ከሚጠይቀው ገንዘብ በጥቂቱ ከፍ ያለ ጥቅም ይሰጣሉ ብሎ መደምደም ይቻላል።

መካከለኛ መንገድም አለ። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከዳሬሰላም እስከ ዶዶማ ሥራ ያስጀመረችው የኤሌክትሪክ ባቡር በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሲሆን፣ በመንገድ ከግማሽ ቀን በላይ የሚፈጀውን ጉዞ ከአራት ሰዓት በታች አድርሶታል። ይህን መስመር የገነባው የቱርክ ተቋራጭ በአገራችን የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን ሐዲድ የዘረጋው ያው ድርጅት ነው። ያ መስመር ለዓመታት አገልግሎት ሳይጀምር መቆየቱ፣ የፍጥነት ጥያቄ ከማጠናቀቅ ጥያቄ በኋላ እንደሚመጣ ያሳያል።

ለጉዞ የሚዘጋጁ ተገልጋዮች የመነሻ ቀንና ሰዓት በየጊዜው ሊለወጥ ስለሚችል ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት በጣቢያው ማረጋገጥ፣ ወደ ጣቢያው የሚያደርስ መጓጓዣም አስቀድሞ ማሰብ ይኖርባቸዋል። ከደወሌ ወዲያ ወደ ጅቡቲ የሚሻገር መንገደኛ የጸና ፓስፖርትና የመግቢያ ፈቃድ መያዝ ግድ ይሆንበታል። እንስሳት የተገጩበት አርብቶ አደር አደጋው የደረሰበትን ስፍራና ቀን በቀበሌው አስመዝግቦ ማመልከቻውን በጽሑፍ ቢያቀርብ የካሣ ጥያቄው በማስረጃ የተደገፈ ይሆናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መስመሩን ከቻይና ተቋራጮች ተረክቦ የሚያስተዳድረው የኢትዮ–ጅቡቲ ምድር ባቡር አክሲዮን ማኅበር በመሆኑ፣ አቤቱታ የሚቀርበውም ለዚሁ ማኅበር ነው።