የኤደርን ጎል ለሮናልዶ አትስጡበት

ፖርቱጋል ፈረንሳይን ስላሸነፈችበት የ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚተረከው የሮናልዶ እንባ ነው። በ8ኛው ደቂቃ የፈረንሳዩ ፓዬት ጉልበቱን መታው፤ በ25ኛው በቃሬዛ ወጣ፤ በመጨረሻ እግሩን አስሮ ከአሰልጣኙ ከፈርናንዶ ሳንቶስ ጎን እየተንጎራደደ ሲጮህ ታየ። አተራረኩን የሰማ ሰው ዋንጫውን ያመጣው ጩኸቱ ይመስለዋል። ጎሉን ያገባው ኤደር መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል፤ እሱም «ዕድለኛ» ተብሎ። ሮናልዶ «የማሸነፊያውን ጎል አንተ ታገባለህ» ብሎኝ ነበር ማለቱማ ለተራኪዎቹ ሰርግና ምላሽ ሆነላቸው። ትረካ ካማራቸው ቢሳው ተወልዶ ፖርቱጋል ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ አጥቂ አይበቃቸውም ነበር?

ጨዋታውን ደግማችሁ እዩት። ኤደር ሬናቶ ሳንቼዝን ቀይሮ በ79ኛው ደቂቃ ሲገባ ፖርቱጋል ፊት ላይ ኳስ የሚይዝላት ሰው አልነበራትም። እሱ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ከፈረንሳይ ተከላካዮች ጋር መገፋፋት ጀመረ፤ ኳስ ያዘ፣ ጥፋት አሠራ፣ ለጓደኞቹ መተንፈሻ ሰጠ። በ108ኛው ደቂቃ የፖርቱጋሉ ጌሬሮ አግዳሚውን የመታበት ቅጣት ምት የተገኘው በእጅ ኳስ ነበር። እጁ ግን የኤደር ሆኖ ሳለ ቢጫ ካርዱን ያየው የፈረንሳዩ ተከላካይ ኮሸልኒ ነው። ዕድል ካላችሁ ዕድል ማለት ይሄ ነው።

በ109ኛው ደቂቃ የሆነው ሌላ ነው። የቡድን ጓደኛው ሞውቲንሆ ኳሷን ሲሰጠው ኮሸልኒ ጀርባው ላይ ነበር። የኮሸልኒ የያኔ ቡድን የአርሴናል ደጋፊዎች ይቅር ይበሉኝና፣ ኤደር በትከሻው ገፍቶት ወደ መሃል ገባ፤ ከሳጥን ውጪ መሬት ለመሬት መታት። ግብ ጠባቂው ሎሪስ ተወረወረ፣ አልደረሰባትም። ይህን ዕድል የሚል ሰው ሰላሳ ደቂቃ ሙሉ የተደረገውን ትግል አላየም ማለት ነው።

ኤደር ጎል አነፍናፊ ነበር ብዬ አልከራከርም። በስዋንሲ 15 ጊዜ ተሰልፎ አንድም ጎል አላገባም፤ ለብሔራዊ ቡድኑም የመጀመሪያውን ያስቆጠረው ጣልያንን ባሸነፉበት የሰኔ 2015 ጨዋታ ነው፤ እስከዚያ የአገሩ ሰው ሲያላግጥበት ከርሟል። ችግሩ አጥቂን በጎል ቁጥር ብቻ የሚመዝኑት ሰዎች ቁጥሩን እንኳ አሟልተው አለመቁጠራቸው ነው። ከስዋንሲ በውሰት ሊል ሄዶ በቀሩት የውድድር ዓመቱ ወራት በሊጉ 6 ጎል አግብቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ ግንቦት 5 ቀን 2018፣ ይጫወትለት የነበረው ሎኮሞቲቭ ሞስኮ ዜኒትን ሲገጥም ተቀይሮ ገብቶ በ87ኛው ደቂቃ ብቸኛዋን ጎል አገባ። ሎኮሞቲቭ ከ2004 ወዲህ አጥቶት የነበረውን የሩሲያ ሊግ ዋንጫ ያረጋገጠው በዚያች ጎል ነው። ሁለት ዋንጫ፣ ሁለቴ ተቀያሪ፣ ሁለቴም ጨዋታው ሊያልቅ ሲል። «የአንድ ጎል ሰው» ባዮች ይህን ሁለተኛውን ሲያነሱት አይሰማም።

በዚያው ሰሞን ሳንቶስ ለዓለም ዋንጫ ቡድናቸውን መረጡ። ውድድሩ የሚካሄደው ኤደር ሻምፒዮን በሆነባት በዚያችው ሩሲያ ቢሆንም ስሙን ዘለሉት። ፖርቱጋል በኡራጓይ 2 ለ 1 ተሸንፋ ከጥሎ ማለፉ ተሰናበተች። ኤደር ቢኖር ታልፍ ነበር ለማለት አይደለም። ግን ጎሉን ለሮናልዶ ጩኸት አስቀድመው ለሰጡት ሰዎች፣ የኤደር ከቡድኑ መቅረት ወሬ እንኳ አልሆነላቸውም።