በቅድሚያ ማረፊያው ይከለል

ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው አስፋልት ዳር መኪናውን አቁሞ ዘንገና ሐይቅን የሚያይ መንገደኛ፣ ጥቂት ከቆየ የአምቡላንስ ጩኸት መስማቱ አይቀርም። ውስጥ ያለውን ግን አያይም። ነርሷ በአንድ እጇ ግሉኮሱን ከፍ አድርጋ ይዛ በሌላው የወላዷን ሆድ ታሻለች፤ ማኅፀኗ ካልተኮማተረ ደሙ አይቆምም። ባል የሪፈር ወረቀቱን በጋቢው ውስጥ ይዞ ሚስቱን ሚስቱን ያያል።

እንጅባራ ላይ ካልተቻለ ቀጣዩ ባሕር ዳር ነው፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቢቀና የሁለት ሰዓት ጉዞ። ከወሊድ በኋላ ደም በኃይል የሚፈስሳት እናት ካልታከመች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በሄሊኮፕተር ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

የጃዊ ወረዳ ደግሞ ይብሳል። ቆላ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከየቦታው የሚመጣው የቀን ሠራተኛ እባብ ሲነድፈው መድኃኒቱ ያለበት ድረስ የሚያደርሰው ያጣል። በዚህ ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። የአየር አምቡላንስ ለአዊ ዞን ቅንጦት ነው የሚል ሰው ካለ ጃዊን አያውቅም።

በአገራችን የአየር አምቡላንስ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። እንደ አቢሲኒያን ፍላይት ሰርቪስ ያሉ የግል ድርጅቶች መቀመጫቸውን አዲስ አበባ አድርገው በሽተኛ ያመላልሳሉ። ነገር ግን ድንችና የዲከረንስ ከሰል ሸጦ የሚያድር የባንጃ ወይም የፋግታ ለኮማ ገበሬ አውሮፕላን ከየት አምጥቶ ይከራያል? በጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው የአምሬፍ በራሪ ሐኪሞች አገልግሎት በዓመት አነስተኛ መዋጮ የሚከፍሉ አባላትን ይዟል፤ ሰው ሳይታመም ይከፍላል፣ ሲታመም ይነሣል። እኛም መሠረቱ አለን። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ጎረቤታችን ደቡብ አቸፈር አንዷ ነበረች። የክልሉና የፌዴራል መንግሥት ድጎማ ከተጨመረበት ለሕይወት አድን በረራ የሚሆን ፈንድ በዚሁ በኩል ማቋቋም ይቻላል። ሂሳቡ ማን ላይ እንደሚወድቅ ግን አስቀድሞ ይወሰን፤ ደም እየፈሰሰ ክርክር አይሆንም።

አውሮፕላን ብቻውን አያድንም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። የእንጅባራ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሄሊኮፕተር የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል። ክረምት ጉሙ ሲወርድ ከነጭራሹ አይነሣም። ስለዚህ አምቡላንሱም፣ የሆስፒታሉ ደምና ኦክስጅንም፣ ቀዶ ሕክምናውም መጠናከር አለባቸው። ሆኖም ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ መንገዱ በተዘጋበት ቀን የሚሞተውን ሰው ጉም አልገደለውም። የገደለው ያላዘጋጀነው ነገር ነው።

የሚዘጋጀው ደግሞ ከሜዳው ይጀምራል። አብራሪ ከየት ወርዶ በሽተኛ ይጫን? ሽቦና ዛፍ የሌለበት፣ ከብት የማይሰማራበት፣ አምቡላንስ የሚደርስበት ቦታ ያስፈልጋል። እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን የምታስተናግድ ከተማ ናት፤ ሰፊ ሜዳ አጣሁ አትልም። ዳንግላም፣ ቻግኒም፣ ጃዊም አንድ አንድ ይከለልላቸው። ከዚያ የስልኩ ጉዳይ አለ፦ ላኪው ሐኪም ተቀባዩን ሐኪም አግኝቶ አልጋ መኖሩን ሳያረጋግጥ በሽተኛ መነሣት የለበትም። ባሕር ዳር ደርሶ «አልጋ የለም» ከተባለ ፍጥነቱ ምን ጠቀመ?

አዊ ሰው የታመመበትን ሲተው አያውቅም። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ዛሬም ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቃሬዛ በትከሻ እየተቀባበለ ዳገት ይወጣል። ሕዝቡ ድርሻውን እየተወጣ ነው።

ስለዚህ የዞኑ ጤና መምሪያ፣ የክልሉ ጤና ቢሮና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው እነዚህን አራት ማረፊያዎች በመጪው ክረምት መግቢያ እንዲለዩ እጠይቃለሁ። መሣሪያ የያዛችሁ ወገኖች ሁሉ ደግሞ፣ በሽተኛ የጫነ ይለፍ፤ በምድርም ይሁን በአየር።