ለገዛ ልባችን «በሕግ አምላክ» እንበል

ሰው ሲቆጣ ደሙ የሚፈላው፣ ሲያዝን ጉልበቱ የሚዝለው፣ ሲፈራም እግሩ ለሽሽት የሚነሣው በፈቃዱ አይደለምና ስሜቱ ስለ መጣበት ብቻ ሊወቀስ አይገባውም፤ የሚጠየቀው ስሜቱን ተከትሎ እጁ ስለ ሠራው፣ አንደበቱም ስለ ተናገረው ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ገዳም የኖረው ኤዋግርዮስም ክፉ ኅሊናት እንዳይመጡብን መከልከል የማይቻለን ቢሆንም፣ መጥተው እንዲሰነብቱና ሥጋችንን እንዲያዝዙ መፍቀድ ግን የእኛ ፈንታ መሆኑን አስተምሯል። አባቶቻችን ይህን ምሥጢር በገዳም ብቻ ሳይወስኑ ወደ ገበያ አውርደው፣ በስሜትና በግብር መካከል የሚቆም አንድ ታላቅ ቃል አቆይተውልናል፤ እርሱም «በሕግ አምላክ» የሚለው ነው።

ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ከማዛወሩ አስቀድሞ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በተዘረጋው ሰፊ ገበያ በዕቃ ዋጋ ተጣልተው ዱላ የተማዘዙ ሰዎች፣ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የጮኸባቸው ሕፃንም ቢሆን፣ ዱላቸውን ዝቅ ማድረግ ግዴታቸው ነበር። ከዚህም በኋላ የነጠላቸውን ጫፍ ከጫፍ ቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ወይም አላፊ አግዳሚውን የመንገድ ዳኛ አድርገው ክርክራቸውን ያሰማሉ። ሥርዓቱ የተበደለውን ሰው በደልህን እርሳ አላለውም፤ አቤቱታው ይሰማለታል፣ የተከለከለው ክንዱ ብቻ ነው። ከባላጋራው ጋር በአንድ ቋጠሮ ተሳስሮ፣ እርምጃውን ከእርሱ እርምጃ ጋር እያስተካከለ የሚሄድ ሰውም ዳኛው ፊት እስኪደርስ ድረስ ቍጣው መብረዱ፣ ነገሩንም በቅደም ተከተል ማሰላሰሉ አይቀርም።

ከዚያው ከጊዮርጊስ ብዙም የማይርቀው ዶሮ ማነቂያም ይህን ሥርዓት በጕርብትና ጠብቆ የኖረ ሰፈር ነበር። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው የተሠሩ በመሆናቸው የአንዱ ጭቅጭቅ ለሌላው ይሰማልና፣ ድምፅ ከፍ ባለ ጊዜ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ ብቅ ብለው «ኧረ በሕግ አምላክ! ሰይጣንን አትስሙ ልጆቼ» ማለታቸው የተለመደ ነበር። ሐዘንተኛም በሩን ዘግቶ በጨለማ ለመቀመጥ ቢሻ፣ የዕድሩ ድንኳን ደጁ ላይ ይተከላል፤ ጎረቤትም እስከ ሠልስት አብሮት ተቀምጦ «ትንሽ ቅመስ እንጂ» እያለ እህል ያስቀምሰዋል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ማርሻ ሊንሃን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስተማሩት ሕክምናም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ስሜቱ ከነገሩ እውነት ጋር የማይመጣጠን ሲሆን፣ የፈራ እንዲቀርብ፣ ያዘነ ከተኛበት እንዲነሣ፣ የተቆጣም ገለል እንዲል ወይም በጎ እንዲያደርግ ያዝዛልና። ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው መሸሹ ግን ጥበብ እንጂ ድካም አይደለም።

በ2016 ዓመተ ምሕረት የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ በተበተነ ጊዜ፣ ከቤቱ ጋር አብሮ የጠፋው ይህ ገላጋይ ጎረቤት ነው። ዛሬ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን የሚቆጣ ሰው ድምፁን የሚሰማለት ጎረቤት የለውም፤ በእጁ ያለው ስልክም የስድቡን ቃል ገና ደሙ ሳይበርድ ለወንድሙ ያደርስለታል። ሰፈሩን የተነጠቀ ሰው ማዘኑና መቆጣቱ እውነተኛ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን ሐዘኑ በሩን እንዲዘጋ፣ ቍጣውም ልጆቹን እንዲመታ ሲያዝዘው ከታዘዘ፣ በጠፋው ቤት ላይ የቀረውን ቤተሰብ ይጨምርበታል።

ስለዚህ በውጭ የነበረውን ዳኛ በውስጣችን ልናቆመው ይገባናል። ቍጣ የጻፈውን መልእክት ሌሊቱ ይለፍበትና በማለዳ እናንብበው፤ እጅ ሊነሣ ሲል ከቤት ወጥተን እንመለስ፤ ሐዘን ተኛ ሲለን ተነሥተን እንታጠብ፣ የድሮ ጎረቤታችንንም በስልክ እንጠይቅ። ክርክራችንን አንጥለው፤ ቀጠሮ እንስጠው እንጂ። ደግሞም የአዲሱ ፎቅ ነዋሪዎች ዕድራችንን ዳግም አቋቁመን የጎረቤታችንን ደጅ ማንኳኳት እንልመድ፤ የሰው ልብ ብቻውን ሆኖ ዘወትር ራሱን መገላገል አይቻለውምና፣ «በሕግ አምላክ» የሚለው ወንድም ለእያንዳንዳችን ያስፈልገናል።