የአጥቢያ ኮከብ በቀትር

የአጥቢያ ኮከብን ያህል በጽሑፋችን የደከመች የሰማይ አካል ያለች አይመስለኝም። የቆንጆ ፊት የሚመሰለው በእርሷ ነው፤ ነፃነትም፣ ተስፋም፣ የተማረ ልጅም እንዲሁ። ኮከበ ጽባሕ ብለን ትምህርት ቤት ሰይመንባታል። የዐውደ ነገሥት ሰዎች ዝሁራ ይሏታል፤ በዘመኑ ትምህርት ቬነስ ናት። ይህን ሁሉ ስም ሰጥተናታል። ግን ስለ እርሷ ከምንጽፈው መካከል ስንቶቻችን ቀና ብለን አይተናታል? እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት በግጥሞቼ ውስጥ ያለ ዕረፍት ሳበራት ኖሬአለሁ። መልኳን ጠይቄ አላውቅም። ኮከብ ናትና የብርሃን ነጥብ ትሆናለች እንጂ ሌላ ምን ልትሆን!

መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ ያየኋት ግን ነጥብ አልነበረችም። ማጭድ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቬነስ የራሷ ብርሃን የላትም፤ እንደ ጨረቃ ከፀሐይ ትቀበላለች። በዚያ ቀን በእኛና በፀሐይ መካከል ታልፍ ስለነበር የበራው ፊቷ ወደ ፀሐይ፣ የጨለመው ወደ እኛ ዞሯል። ከፊቷ ለእኛ የበራው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ርቀቷ ግን ወደ 42 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወርዷል፤ ከዚህ ብዙም አትቀርብም። እንግዲህ እጅግ በምትቀርበን ጊዜ ፊቷን ታዞርብናለች፤ ሙሉ ፊቷን የምታሳየን ከፀሐይ ማዶ ርቃ፣ አንሳ ሳለች ነው። ስለ ፍቅር የሚጽፉ ወዳጆቼ ይህን ሳያውቁ መቅረታቸው ይቆጨኛል።

ለጎጃም ሰው ደግሞ ያ ቀን ሌላ ስጦታ ነበረው። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ጥቂት አልፋ ትገኛለች። በመጋቢት አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ታልፋለች። ቬነስ በዚያ ዕለት ከፀሐይ 8 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ነበረች፤ ክንዱን ዘርግቶ እጁን ለጨበጠ ሰው ከጭብጡ ስፋት ጥቂት ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ የአጥቢያ ኮከብ ልክ በአናታችን ላይ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በቴሌስኮፕ ፀሐይ አጠገብ መፈለግ ቀልድ አይደለም፤ ለቅጽበት ፀሐይ ሌንሱ ውስጥ ብትገባ ዓይን ይጠፋል። ስለዚህ ከቤቱ በስተ ሰሜን፣ የቆርቆሮው ክፈፍ ፀሐይን የሚጋርድበት የጥላ ጠርዝ ላይ የተዋስኋትን ትንሽ ቴሌስኮፕ ተከልሁ። ግማሽ ጨረቃ በደቡብ ምዕራብ አዘቅዝቃ ልትጠልቅ ነበርና መጀመሪያ በእርሷ ላይ ጥራቱን አስተካከልሁ። ከዚያ ወደ ላይ። ሩብ ሰዓት ያህል ባዶ ሰማያዊ ብቻ።

በዚህ መካከል የሆነውን ሳልናገር ባልፍ እውነቱን መሸሸግ ይሆንብኛል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የጀመረው ጦርነት በዚያ መጋቢት ገና አልበረደም ነበር። በዚያ ጊዜ ሰው ሰማይን ያዳምጥ ነበር እንጂ አያይም። ቧንቧ የመሰለ ነገር ወደ ላይ አቅንቼ ስቆም የጎረቤቴ ሴት ልጆቿን በስማቸው እየጠራች ወደ ቤት አስገባች። በሩንም ዘጋች። አልተቀየምኋትም። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ዕለቱ እሑድ፣ የዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ደብረ ዘይት ነበር። ከዋክብት ከሰማይ እንደሚወድቁ የሚናገረው ወንጌል ጧት በየቤተ ክርስቲያኑ ተነቧል። ከቅዳሴ ሲመለሱ በደጃችን የሚያልፉ አንድ የቅኔ መምህር አሉ፤ ሰፈሩ የኔታ ይላቸዋል። ቆሙ። ምን እንደማደርግ ጠየቁኝና ስነግራቸው በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጎንበስ አሉ። በዚያ ጊዜ አግኝቻታለሁ፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ጫፍና ጫፏ የሾለ ማጭድ። ያቺ ቴሌስኮፕ 40 ጊዜ ስታጎላት በባዶ ዓይን ከምናያት ጨረቃ ትሰፋለች።

«ይህቺማ ጨረቃ ናት» አሉ።

«ጨረቃዋ ያቻትና፣ የኔታ።»

ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሩ፤ ግማሽ ጨረቃዋን አዩ። እንደገና ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ።

«ታዲያ ሁልጊዜም እንዲህ በቀን በላያችን ታልፍ ነበር?»

«ታልፍ ነበር።»

«እኛ ደግሞ ለአጥቢያ ብቻ የምትወጣ ሲመስለን!»

የዋሸራና የጎንጅ አገር ሰው ናቸውና የጋሊሊዮን ነገር አጫወትኋቸው። ጋሊሊዮ ይህንኑ ማጭድ በ1610 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በቴሌስኮፑ አይቶ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፈራ። ስለዚህ ግኝቱን በአንድ የላቲን ዓረፍተ ነገር ሸሽጎ ወደ ፕራግ ላከ። ላይ ላዩን ሲያነቡት ያልበሰለ ነገር በከንቱ እንደሚለቅም ሰው የሚያማርር ይመስላል። ፊደላቱ ሲደራረዱ ግን የፍቅር እናት የጨረቃን መልኮች እንደምትከተል ይናገራል። ፕራግ የነበረው ኬፕለር ሊፈታው ሞክሮ አልሆነለትም፤ ፍቺውን ጋሊሊዮ ራሱ በ1611 መግቢያ ገለጠ። ቬነስ በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ያስረዳው ማስረጃ ይህ ነበር። ላይኛውን ዓረፍተ ነገር ሲሠራ ግን ሁለት ፊደላት ቦታ አጥተው ተርፈውት መጨረሻ ላይ እንዲሁ ጨምሯቸዋል።

«ሁለት ፊደል ተረፈው?» አሉ የኔታ። «ወርቁ መልካም ነው። ሰሙን ግን ከእኛ ጉባኤ ቢያቀርበው እንመልሰው ነበር።»

ሳቃቸው በር አስከፈተ። ጎረቤቴ ብቅ አለች፤ ልጆቿም ተከትለዋት ወጡ።

ፎቶውን ያነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ የእጅ ስልኬን ካሜራ ዓይን በሚደረግበት ሌንስ ላይ ደግፌ። አብዛኛው ተበላሸ። ከቀሩት አንዱን አዲስ አበባ ላለ ደራሲ ወዳጄ ላክሁለት። የቀትር ሙቀት አየሩን ስለሚያንቀጠቅጠው ጠርዟ ተሸርፏል፤ መደቡም ጥቁር ሳይሆን የነጣ ሰማያዊ ነው። ወዳጄ በምትኩ ከኢንተርኔት ያገኘውን እጅግ ያማረ የቬነስ ማጭድ ላከልኝና «ይኼኛው ይሻላል» አለኝ።

አይሻልም። በዚህ ላይ ከማንም ጋር ልከራከር ዝግጁ ነኝ። በዚያ ሥዕል ቀትሩ የለም፣ ቆርቆሮው የለም፣ ደጅ ላይ የተሰለፉት ልጆች የሉም። ያማረ ሥዕል ስላለን ማየት ቀርቶብናል፤ ያማረ ምሳሌ ስላለን ደግሞ ሥዕሉንም ሳንፈልግ ኖረናል። ሌላው ያየውን እየተቀባበልን የምንጽፈው ኮከብ፣ ነፃነትም ይሁን ፍቅር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጥብ ሆኖ የቀረው ለዚህ ይመስለኛል። ገጣሚ ሁሉ ቴሌስኮፕ ይግዛ ማለቴ አይደለም። የሚጠራትን ኮከብ አንድ ጊዜ እንኳ ወጥቶ ይያት ነው የምለው።

ሌላውን ስወቅስ ራሴን አላወጣም። ሰኔ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. ይህችው ቬነስ ጥቁር ነጥብ ሆና በፀሐይ ፊት በጠራራ ቀን ስታልፍ እዚሁ ጎጃም ነበርሁ፤ አላየሁም። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 29 ቀን 2004 ዓ.ም. ጧት ደገመችው፤ ተኝቼ ነበር። ሦስተኛው በታኅሣሥ 2110 ዓ.ም. ነው። ያየኋት ማጭድ ግን በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ቀን ያህል ቀድማ፣ ወደዚያው የሰማይ ቦታ ትመለሳለች፤ በመጋቢት 2025 ዓ.ም. በዚያው ጣራ ላይ ታልፋለች።

በማግስቱ ሰኞ ስድስት ሰዓት ሲሆን በር ተንኳኳ። የጎረቤቴ ትንሹ ልጅ ነው፤ ደብተሩን እንደያዘ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጥቷል።

«ጋሼ፣ ዛሬም አለች?»

ቴሌስኮፑን አወጣሁና ወደ ቤቱ ሰሜን ዞርን። ጥላው እስኪደርስብን ድረስ ክፈፉ ሥር ቆመን ጠበቅን።