«አንተ እንኳ እንደ ሌሎቹ አይደለህም» ስለሚለው ሙገሳ

በባዕድ አገር የሚማር ወጣት ማንነቱን በራሱ ፈቃድ ብቻ አይደነግግም። የመማሪያ ክፍሉን ደጃፍ ከመርገጡ በፊት ስለ አገሩ የተቀረጸ ሥዕል ቀድሞት ገብቶ ይጠብቀዋል። ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ይህ ሥዕል ለረጅም ዓመታት የረኃብ ሥዕል ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ቢቢሲ ከኮረም ያሰራጨው ዘገባና በሐምሌ 1985 በለንደንና በፊላዴልፊያ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ የሙዚቃ ዝግጅት ለተራበው ወገን እርዳታ ማስገኘታቸው አይካድም። ነገር ግን ተመልካቹ የተረጂውን ፊት እንጂ ረኃቡን ያባባሱትን ጦርነትና የመንግሥት ፖሊሲ እምብዛም አላየም። ስለዚህም የአንድ ዘመን መቅሰፍት የነበረው ረኃብ የአንድ ሕዝብ ጠባይ መስሎ ታየው።

ከዚህ ሥዕል ጋር የተፋጠጠ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ጋሻ ዐድዋን፣ አክሱምንና የግዕዝን ፊደል ነው። ማንሣቱ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ጋሻው ወደ አጥርነት ሲለወጥ ነው። የአገሬው ሰው «አንተ እንኳ እንደ ሌሎቹ አፍሪካውያን አይደለህም» ሲለው፣ ተማሪያችን የተከበረ መስሎት ፈገግ ይላል። በመሠረቱ ግን ይህ ሙገሳ ዘረኝነትን ከቦታው አያነቃንቀውም፤ አንድ ሰው በምሕረት ታለፈ እንጂ ፍርዱ በሌሎቹ ላይ እንደ ጸና ነው። ምሕረቱም ቢሆን የሚዘልቀው አከራይ ፊቱን አይቶ «ቤቱ ተይዟል» እስኪለው ድረስ ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት ስለ አክሱም ሐውልት የሚጠይቀው የለም።

ደግሞስ ይህ አጥር በውጭ አገር ብቻ የበቀለ ነውን? ከእኛ ይልቅ የጠቈረውን ወገናችንን በምን ቃል ስንጠራው እንደኖርን እያንዳንዳችን እናውቃለን። ተማሪው ሻንጣውን ሲያሰናዳ ያን ቃል አብሮ ይዞ እንዳይሄድ የነገረው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ቀድሞ የመለሰ ተማሪ ነበረን። ዶክተር መላኩ በያን ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ጋር የሚዛመድ ሰው ነበር፤ ወደ አሜሪካ ተልኮ በመጀመሪያ በኦሃዮ፣ ኋላም በዋሽንግተን በሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ሕክምና ተማረ። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያዊ ከጥቁር ዘር አይቈጠርም የሚሉ የምዕራብ ጸሐፍት ነበሩ፤ ወሬውን በደስታ የሚቀበሉ ኢትዮጵያውያንም አልጠፉም። ለአንድ የመኳንንት ወገን ከዚህ የቀለለ መሸሸጊያ አልነበረም። መላኩ መሸሸጊያውን ንቆ፣ ኢትዮጵያዊነቱን ከጥቁር ሕዝብ ትግል ጋር አቈራኘ፤ ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። ፋሽስት ኢጣሊያ አገሩን ከወረረች በኋላም እ.ኤ.አ. በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረተ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተሰኘ ጋዜጣም አሳተመ። የመላኩ ጥሪ በዋነኛነት የተነገረው ኢትዮጵያን አይቷት ለማያውቀው የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ነበር።

እርሱ ነፃነቱን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1940 አረፈ። ከጦርነቱ በኋላ ከባሕር ማዶ ለሚመጡ ጥቁሮች በሻሸመኔ የተሰጠው መሬት የተሰጠው ለዚያው ማኅበር አባላት ነበር።