ሕሊናህ የሚያስከፍለው ማንን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ አዋላጅ ነርሶች፣ የመድኃኒት ባለሙያዎች፣ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ብዙዎች ናቸው። በባሕር ማዶ አጥቢያዎቻችንም ከቅዳሴ ወጥተው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ተራቸው የሚሄዱት ጥቂቶች አይደሉም። ለእነዚህ ወገኖች «ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም» የሚለው ቃል የዕለት ሥራቸው ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍም የሚሞግተው ቃሉን ያለ ዋጋ የሚናገሩትን ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቤተ ክርስቲያናችን በማኅፀን ያለውን ፅንስ ሰው ትለዋለች። መጥምቁ ዮሐንስ በእናቱ በኤልሳቤጥ ማኅፀን ሳለ በደስታ መዝለሉን (ሉቃ. 1) እያነበብን ከዚህ የተለየ ልንል አንችልም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያም ፅንስን ሆን ብላ ያጠፋችውን በነፍስ ገዳይነት ቆጥሯታል። ስለዚህ «እኔ በውርጃ እጄን አላስገባም» የሚል ባለሙያ ትክክል ነው፤ ሊከበርለትም ይገባል። ክርክራችን ከእርሱ ጋር አይደለም። ክርክራችን የእምቢታውን ዋጋ ራሱ ከመክፈል ይልቅ አልጋ ላይ የተኛችውን ሴት ከሚያስከፍለው ጋር ነው።

ሲፓራንና ፉሐን አስታውሱ (ዘጸ. 1)። ሁለቱም አዋላጆች ነበሩ። ፈርዖን የዕብራውያንን ወንዶች ልጆች እንዲገድሉ አዘዛቸው፤ እነርሱ ግን እግዚአብሔርን ፈርተው ትእዛዙን አልፈጸሙም። ልብ በሉ፤ እምቢ ያሉት መግደልን እንጂ ማዋለድን አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት ትተው አልሸሹም። «ንጉሡ ክፉ ነገር አዝዟልና ከእንግዲህ ወደ ዕብራውያት ቤት አንገባም» ቢሉ ኖሮ እጃቸው ከደም ይነጻ ነበር፤ እናቶቹ ግን ያለ ረዳት በቀሩ ነበር። በፈርዖን ፊት ተጠርተው የቆሙትም ራሳቸው ናቸው። የሕሊና እምቢታ መልኩ ይህ ነው፤ ታማሚዋን አይተዋትም፤ አደጋውንም እምቢ ባዩ ይሸከመዋል።

አሁን ወደ ዘመናችን ሕጎች እንምጣ። በአሜሪካ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ውርጃን በመላ አገሪቱ በፈቀደበት በ1973 እ.ኤ.አ.፣ ኮንግረሱ በሃይማኖቱ ወይም በሥነ ምግባር እምነቱ ምክንያት ውርጃና ማምከን አላከናውንም የሚል ባለሙያ እንዳይገደድ ደነገገ። (ድንጋጌው በእንግሊዝኛ «ቸርች» ስለሚባል ከቤተ ክርስቲያን የመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ ስሙ ግን ያቀረበው የአይዳሆው ሴናተር የፍራንክ ቸርች የቤተሰብ ስም ነው።) ይህ በልኩ የተሰፋ ልብስ ነበር። ችግሩ የመጣው በየጊዜው ሲያሰፉት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ «መርዳት» የሚለውን ቃል ምክር መስጠትን፣ ወደ ሌላ ባለሙያ መላክንና ዝግጅት ማድረግን ሁሉ እንዲያጠቃልል አድርጎ ተረጎመው፤ ቀጠሮ የሚይዝ ሠራተኛ ሳይቀር በዚያ ጥላ ሥር ሊገባ ሆነ። ፍርድ ቤቶች ሥራ ላይ ሳይውል ሻሩት፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሌላ ደንብ ተተካ። ብዙ አማንያን በመሻሩ አዝነዋል። እኔ አላዘንኩም። ቀዶ ሕክምናውን አልሠራም የሚል ሐኪም አንድ ነገር ነው፤ ስልኩን አላነሣም የሚል ሠራተኛ ግን ሌላ ነው። የሁለተኛው እምቢታ እርሱን ምንም አያስከፍለውም፤ ደዋይዋን ግን ቀናት ያስከፍላታል፤ በሕክምናም ቀናት ሕይወት ናቸው።

በ2012 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ፣ በጋልዌይ ከተማ የሆነውን ዓለም ሰምቶታል። የ17 ሳምንት ነፍሰ ጡር የሆነች የጥርስ ሐኪም ፅንሷ ሊወርድ ጀምሮ ሆስፒታል ገባች። ልጁ እንደማይተርፍ ተነግሯታል። እርግዝናው እንዲቋረጥላት ስትለምን ግን የፅንሱ ልብ ይመታል ተብላ ተከለከለች፤ አገሩ ካቶሊካዊ መሆኑንም የነገረቻት አዋላጅ ነበረች። በሳምንቱ ደሟ ተመርዞ ሞተች። እርግጥ ነው፣ እዚያ የከለከለው የአገሩ ሕግ እንጂ የአንድ ባለሙያ ሕሊና ብቻ አልነበረም፤ ምርመራዎቹም ኢንፌክሽኑን በንቃት አለመከታተላቸውን አጋልጠዋል። ሕፃኑ አልተረፈም፤ እናቲቱም አልተረፈችም። ታዲያ የሃይማኖት ስም የተጠራው ማንን ለማዳን ነበር?

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 551 ውርጃ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፤ አስገድዶ መደፈር፣ በዘመዳሞች መካከል የሆነ እርግዝና፣ የእናት ወይም የፅንስ ሕይወትና ጤና አደጋ ላይ መውደቅና የመሳሰሉት ናቸው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 299 ደግሞ የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ ምክንያት የወሊድ መከላከያን፣ በሕግ የተፈቀደ ውርጃንና ደም መስጠትን የመሳሰሉ አገልግሎቶችን ሊከለክል እንደማይችል ደነገገ። ይህን ድንጋጌ አልደግፈውም። ሲፓራንና ፉሐን ዛሬ ብናመጣቸው በዚህ ደንብ ተከሳሾች ይሆኑ ነበር። ደም መስጠትንና ውርጃን በአንድ ሚዛን ማስቀመጡም ሚዛኑ የተዛባ መሆኑን ያሳያል።

ነገር ግን ሕግ አውጪውን ከመውቀሳችን በፊት በአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ በር ላይ እንቁም። ሁለት አዋላጆች ብቻ አሉ፤ አንዷ ፈቃድ ወጥታለች። ሌሊት በቃሬዛ የመጣችው ልጅ ደም እየፈሰሳት ነው፤ በመንደር ሰው እጅ አስወርዳለች ተብላ ትጠረጠራለች። ተረኛዋ አዋላጅ «የሠራችውን ታግኝ» ብላ ብትዘገይ፣ ጓንቷን ለማጥለቅ ብታመነታ፣ ወይም አስታማሚ በተሰበሰበበት ብትዘልፋት፣ ይህን ሕሊና ልንለው ነውን? ይህ ፍርድ ነው፤ በማንም ያልተሰጣትን የዳኝነት ወንበር ነጥቃ የተቀመጠችበት ፍርድ። ያ ፅንስ አስቀድሞ ሞቷል። አሁን ያለችው አንዲት ነፍስ ናት።

ሚሶፕሮስቶል የተባለውን መድኃኒትም እንመልከት። ለጨጓራ ቁስለት የተሠራ ነው፤ ለውርጃም ይውላል፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምን ለማስቆምና ሞቶ የቀረ ፅንስ እንዲወጣ ለማድረግም ይታዘዛል። ስሙን ብቻ ሰምቶ «እኔ ይህን አልሸጥም» ብሎ ማዘዣውን የሚመልስ የፋርማሲ ሠራተኛ የመለሰው ማንን እንደሆነ አያውቅም። ልጇ በማኅፀኗ ሞቶባት እያለቀሰች የመጣችውን መልሶ ሊሆን ይችላል። ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናም እንዲሁ ነው፤ የማኅፀን ቱቦ ከመፈንዳቱ በፊት ሊደረስላት በሚገባት ሴት ላይ ስለ ሕሊና ጉባኤ መያዝ አላዋቂነት ነው። ሕሊና ዕውቀት ይፈልጋል፤ ሳያጠኑ እምቢ ማለት ስንፍና እንጂ ተጋድሎ አይደለም።

የወሊድ መከላከያንም በተመለከተ፣ ባለትዳሮች ጉዳዩን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመክሩበታል እንጂ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጋር አይመክሩበትም። የንስሐ አባቷን ሥልጣን ለነርሷ ማን ሰጣት?

ቅዱስ ባስልዮስን ከላይ የጠቀስኩት ለመቅጣት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያችኑ ሴት በነፍስ ገዳይነት ከቆጠራት በኋላ የንስሐዋን ዘመን እስከ ዕለተ ሞቷ ሳያደርስ በ10 ዓመት ወሰነው፤ ፈውሷም ከዘመን ቁጥር ይልቅ በንስሐዋ አኳኋን እንዲመዘን አዘዘ። ቀኖናውን የጻፈው ይኸው አባት በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድኾችና ለሕሙማን ትልቅ የመጠጊያና የሕክምና ቦታ አቁሟል። እኛ ቀኖናውን ወስደን ሕክምና ቤቱን ትተነዋል።

እምቢ ማለትን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አቡነ ጴጥሮስ ለፋሺስት ኢጣልያ አልገዛም፣ ሕዝቤም እንዲገዛ አልመክርም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ሲደበደቡ፣ በጥይቱ ፊት የቆሙት ራሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው አላቆሙም።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፤ በውርጃ አልተባበርም የምትሉ ከሆነ፣ ከመቀጠራችሁ በፊት ለኃላፊው በግልጽ ተናገሩ፤ ሌሊት ደም የሚፈስሳት ሴት ስትመጣ አይደለም። ሌላ ክፍል ተመደቡ ብትባሉ፣ የትርፍ ሰዓት አበል ቢቀርባችሁ፣ ዕድገት ቢያልፋችሁ ተቀበሉት። ታማሚዋን አትዋሹአት፤ ምርመራዋን አትደብቁባት፤ ካርዷን አታዘግዩባት፤ ምሥጢሯን ለመንደር አታውጡባት። «እኔ ይህን አላደርግም፤ ኃላፊው እርሱ ነው» ማለት የማንንም እጅ በደም አይነክርም፤ ዝም ብሎ በር መዝጋት ግን ይነክራል። ነፍሷ አደጋ ላይ ከሆነ ደግሞ ያላችሁን ዕውቀት ሁሉ አውጡ።

ሌሎቻችን፣ ነጭ ጋውን የማንለብሰው፣ ከዚህ ነፃ አይደለንም። በሰው ቤት ስታገለግል ፀንሳ ከሥራዋ የተባረረችውን፣ ወይም ዐረብ አገር ሄዳ በአሠሪዋ ተደፍራ የተመለሰችውን ልጅ «አታስወርጂ» ብለን እንመክራታለን። መልካም። የምታድርበትን ቤት ግን አንነግራትም፤ የለንምና። ለበዓል የደንብ ልብስ መዋጮ የምንሰበስብ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ለአንዲት እናት የ6 ወር የቤት ኪራይና ለሕፃኗ ልብስ ለማዋጣት ምን ይከለክለናል? በሚመጣው የሥራ አመራር ስብሰባችሁ ይህን በአጀንዳነት አስይዙ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሕሊና እንከራከር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።