ዲግሪ ያለው እጅ ግራሶ አይነካም ያለው ማነው?

እንግዲህ ዛሬ ስለ ፓርላማም ስለ ፕሪምየር ሊግም አንጽፍም። ስለ ውሃ ፓምፕ ነው የምንጽፈው። "የምን ውሃ ፓምፕ?" የሚል አንባቢ ካለ፣ ከኮፈኑ ሥር ሆኖ ውሃውን በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የሚያዞረው ዕቃ ነው። እሱ ሲሞት ሞተሩ ይግላል፤ ሞተሩ ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፤ ቴስታታው ሲጣመም የባለቤቱ ኪስም አብሮ ይጣመማል።

ነገሩ የተጀመረው ሳይንት አጅባር፣ አጎታችን ግቢ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ "እኛ" ማለት አንዲት የጋዜጠኝነት ምሩቅና አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የአጎት ልጅ ማለት ነው። አጎታችን አንዲት አሮጌ ሃይሉክስ አለቻቸው። የግል መኪና ትባል እንጂ በተግባር የሰፈሩ አምቡላንስም፣ የእህል መጫኛም፣ የሙሽራ መኪናም እሷው ናት። ጥር ላይ ምጥ የያዛት ጎረቤት ጭነው ሲሄዱ ዳገቱ መሃል እንፋሎት ተፍታ ቆመች። አንድ አይሱዙ ደርሶ ሴትየዋን ባይወስዳት ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ድምፅ ነበር የምንጽፈው። (እናትም ልጅም ደህና ናቸው።)

መኪናዋ ተጎትታ ወደ አንድ ጋራዥ ሄደች። ኮፈኑ ተከፈተ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ታየ፣ ፍርዱ ተሰጠ፦ "ቴስታታው ተቃጥሏል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት።" አጎታችን መኪናዋን መልሰው ያስጎተቱት ፍርዱን ስላላመኑ እንዳይመስላችሁ። ገንዘቡ ስላልነበራቸው ነው። ቢኖራቸው ኖሮ ጤነኛ ሞተር ተበትኖ ነበር።

እኛ ምን አደረግን? መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን መዝዘን አየን። ዘይቱ ቡና በወተት አልመሰለም። ይህ ብቻውን ቴስታታውን ነፃ አያወጣውም፣ ግን ከመፍረድ በፊት የሚታይ ነገር ነው። ከዚያ በባትሪ መብራት ከፓምፑ ሥር አየን። ፓምፑ ከዘንጉ በታች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። ውስጥ ያለው ማሸጊያ ሲያልቅ ውሃው በእሷ በኩል ይንጠባጠባል፣ ፓምፑ "ልሞት ነው" ብሎ መናገሩ ነው። ከቀዳዳዋ ወደ ታች የዛገ መስመር ወርዷል። ፋኑን ይዘን ስንነቀንቀው እንደ ወተት ጥርስ ተነቃነቀ፤ ኩሽኔታውም አልቋል ማለት ነው። ይህን ለማየት ዲፕሎማ አያስፈልግም፣ ጎንበስ ማለት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን የእኛው ጥፋት ነው። አጎታችን (እንደ አገሩ ሹፌር ሁሉ) ከኋላ ቢጫ ጀሪካን ጭነው የወንዝ ውሃ ይጨምራሉ። "ውሃ ውሃ ነው" ይላሉ። አይደለም ጋሼ! ዝገት መከላከያ የሌለው ውሃ ብረቱን ይበላል፣ ዝገቱና አሸዋው ደግሞ ማሸጊያውን ይሞርዳል። በዚያ ላይ ደጋ ነው ያለነው። ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ ክፍት ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት ጠባብ ናት፤ እሷን የሚያሰፋው ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳንና ኩላንት ነው። የአጎታችን ክዳን ጎማ ተሰነጣጥቆ በጨርቅ ነበር የታሰረው። ዳገት ላይ ቢፈላ ምን ይገርማል?

አዲሱ ፓምፕ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ አጅባር እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከ2015 ክረምት ወዲህ የኛ አገር መንገድ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሥራው ራሱ አንድ ቅዳሜ ወሰደ። አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር ኔትወርክ ሲኖር በስልክ እየመሩን፣ ሞተሩ በርዶ ሳለ ውሃውን በባልዲ አፈሰስን (ክዳን በትኩስ ሞተር የሚከፍት ሰው ፊቱን ይሰናበት)፣ ቺንጋውን አላላን፣ ፋኑን ፈታን። ብሎኖቹ እኩል ርዝመት ስለሌላቸው ካርቶን ላይ የፓምፑን ቅርጽ ሥለን እያንዳንዱን በቦታው ሰካነው። ብዙ ሰዓት የበላው የአሮጌውን ጋስኬት ቅሪት መፋቅ ነው፤ ትንሽ ቢቀር ያንጠባጥባል። ከዚያ አዲሱን አስገብቶ ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ። በመጨረሻ ኩላንት ሞልተን፣ ሂተሩን ከፍተን፣ በክፍት ክዳን አየሩን አስወጣን። ሐቁን ለመናገር በአንዳንድ መኪና ፓምፑን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ ነው፤ እሱን ምልክቱን ማስተካከል የማይችል ሰው አይንካው። የእኛዋ እንደዚያ አይደለችም።

ወደ ጉዳያችን እንምጣ። በዚያ ቅዳሜ አጥር ላይ ተደግፈው የተመለከቱን ሰዎች ስለ ፓምፑ አልጠየቁንም። "ለዚህ ነው እንዴ ያስተማሩሽ?" ነው ያሉት። ሴት መሆናችን አንድ ጥፋት፣ ዲግሪ መያዛችን ሁለተኛ ጥፋት። ይህን የሚል የገጠር ሽማግሌ ብቻ ቢሆን ዝም እንል ነበር። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችንም ፎቶውን አይተው ያሉት ያንኑ ነው፣ በሳቅ አስጊጠው።

ባለ እጅን መናቅ በሽታችን አሮጌ ነው። አጼ ምኒልክ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ያስገባውም በዚያው ዓመት ነው። መኪናዋን ተቀበልን፣ አዋጁን ረሳን። ከዚያም በፊት ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል ወደ መቅደላ፣ ወደዚሁ ወደ ደቡብ ወሎ ደጋ ሲጎተት ወራት ፈጅቷል። ለእሱ መንገድ ሲጠረግ አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸው በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ያነሳበት አገር ላይ ምሩቅ መፍቻ መያዝ ያሳፍረዋል!

መንግሥትም አላገዘንም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ተመን ለገበያ ሲተው ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ መለዋወጫውም አብሮ ሄደ። ኤሌክትሪክ መኪና ግዙ ይሉናል። በሳይንት ዳገት፣ በሚጠፋና በሚመጣ መብራት? እስኪ መጥታችሁ አሳዩን። እስከዚያ ድረስ ያሉን እነዚሁ አሮጌ መኪኖች ናቸው፤ የሚቀጥለውንም ምጥ የያዛት ሴት የሚያደርሱት እነሱ ናቸው።

"መካኒክ ምን ይብላ ታዲያ?" ላላችሁን፦ ጥሩ መካኒክ ከእኛ የሚያጣው ነገር የለም። ሞተር ማውረድም፣ ቴስታታ ማስላጥም የእሱ ነው፤ እኛ አንሞክረውም። የሚከስረው በሁለት ደቂቃ የሚፈርደው ነው። ደንበኛው ቀዳዳዋን አይቶ ከመጣ "ሞተር ይውረድ" ማለት ይከብደዋል፣ እኛም የምንፈልገው እንዲከብደው ነው።

አጎታችን አሁን ኩላንት ነው የሚጨምሩት፣ ክዳኑንም ቀይረዋል። ቢጫው ጀሪካን ግን ከኋላ አልወረደም። ለምን ስንላቸው "ለእጃችሁ መታጠቢያ ነዋ!" አሉን።